ኒኮላይ ቫቪሎቭ እና የዘር ክርክር

በዘረመል ምህንድስና ላይ የሚነሣ ተቃውሞ ሁሉ ሳይንስን ከመጥላት የሚመነጭ ነውን? ይህ አጭር ጽሑፍ የሩሲያዊውን የዕፅዋት ሊቅ የኒኮላይ ቫቪሎቭን ሕይወት የሚመለከተው ከዚህ ጥያቄ አንጻር ነው። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቫቪሎቭ በ1887 በሞስኮ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለዱ። በዚያው ከተማ የግብርና ትምህርት ከተከታተሉ በኋላ ወደ እንግሊዝ ተሻግረው በዊልያም ቤትሰን ዘንድ ገና ለጋ የነበረውን የዘረመል ሳይንስ ቀሰሙ። ከ1921 ጀምሮ በፔትሮግራድ፣ በኋላ ሌኒንግራድ በተባለችው ከተማ፣ የዕፅዋት ምርምር ተቋም መሩ። ዓላማቸው የዓለምን የሰብል ዘሮች ሰብስቦ በማዳቀል ድርቅንና በሽታን የሚቋቋም እህል ማግኘት ነበር።

በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በአዲስ አበባ ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝተው በበቅሎ ወደ ሰሜን ዘለቁ። በአንድ ማሳ ውስጥ ቀለሙ፣ ቁመቱና የዛላው ቅርጽ እጅግ የተለያየ ስንዴና ገብስ ተደበላልቆ ሲበቅል ተመለከቱ፤ ዛላው ጺም የሌለው ዱረም ስንዴም አገኙ። በሺህ የሚቆጠሩ ናሙናዎችን ይዘው ተመለሱ፤ የጤፍና የኑግ ሀገር የሆነችውን ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል መገኛ ማዕከላት አንዷ አድርገው መዘገቡ። በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ባንክ የዚሁ አስተሳሰብ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። በእነዚያ ማሳዎች የታየውን ብዝኀነት የፈጠረችው ተፈጥሮ ብቻ አልነበረችም፤ ለዘር የሚሆነውን እየለየ በየጎተራው ያቆየው ገበሬም ጭምር እንጂ።

በሀገራቸው ግን ጊዜው ከፋ። ትሮፊም ሊሴንኮ የዘረመልን ሳይንስ የቡርዧ ፈጠራ አድርገው ሲያወግዙ የስታሊንን ድጋፍ አገኙ። ቫቪሎቭ ኦገስት 1940 በዩክሬን ዘር በመሰብሰብ ላይ ሳሉ ተያዙ፤ በ1941 ሞት ተፈረደባቸው። ፍርዱ ወደ 20 ዓመት እስራት ቢለወጥም ረኀብን ለማስወገድ የደከሙት ሰው ጃንዋሪ 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት በረኀብ ተጎድተው አረፉ። ሌኒንግራድ በተከበበችበት ወቅት ከተቋሙ ሠራተኞች አንዳንዶቹ የተሰበሰበውን ዘር ሳይነኩ በረኀብ ሞተዋል። በ1948 የዘረመል ሳይንስ በሶቪየት ኅብረት ተከለከለ፤ የቫቪሎቭ ስም የተመለሰው በ1955 ነው።

ይህን ታሪክ ይዞ የዛሬዎቹን ተቃዋሚዎች የሊሴንኮ ወራሾች ማለት ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይመስለኝም። ቫቪሎቭ ያዳቅሉ የነበረው ዝምድና ያላቸውን ዕፅዋት ነው። ቢቲ ጥጥ ግን ተባይ የሚከላከልበትን ዘረመል ያገኘው ከአፈር ባክቴሪያ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655 እንዲህ ባለው ዘር ላይ ጥብቅ ቁጥጥር ጣለ፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 896 ላላ፤ በ2010 ዓ.ም. ቢቲ ጥጥ ተፈቀደ። ተቃዋሚዎቹ የሚጠይቁት የዘሩ ባለቤት ማን እንደሚሆንና የገበሬው ነባር ዘር ቢበከል ማን እንደሚጠየቅ ነው። ሊሴንኮ የዘረመልን መኖር ካዱ፤ እነዚህ ግን ዘረመል መኖሩን ተቀብለው በማን እጅ እንደሚገባ ይጠይቃሉ።

በሕዝቡ ዘንድ ድንበሩ የሚሰመረው ሌላ ቦታ ነው። በዓለም ባንክ ሱቆች የሐበሻ እንቁላል ከፈረንጅ እንቁላል በውድ ይሸጣል፤ የፈረንጅ ዶሮ ግን የተለመደው የማዳቀል ሥራ ውጤት እንጂ የምህንድስና አይደለችም። የተቃዋሚዎቹም ክርክር የሚሳሳው ነባሩ የማዳቀል ዘዴ ለብዝኀነት ስጋት የለውም ሲባል ነው። ቫቪሎቭ ያደነቁትን ነባር ዱረም ስንዴ ከብዙ ማሳ ገፍቶ ያስወጣው በተለመደው መንገድ የተዳቀለ የዳቦ ስንዴ ምርጥ ዘር ነው፤ እርሱም እንደ ቢቲ ጥጥ ያለ ክርክር አላስነሣም።