ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል

ከመርካቶ እስከ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ባለው ግርግር መካከል የጸሎት ጸጥታ አጣን ለምንል ምእመናን፣ እ.ኤ.አ. በ1926 ብፅዕናቸው የታወጀላቸው የአባ ገብረ ሚካኤል ሕይወት ቅርባችን ነው።

በ1791 በጎጃም፣ በመርጡለ ማርያም አጠገብ ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን ያጡት እኚህ መነኩሴ እውነትን ፍለጋ ከገዳም ወደ ገዳም መጻሕፍትን ሲመረምሩ ኖሩ። በ1841 ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆብ ጋር ወደ ካይሮና ወደ ሮማ ተጓዙ፤ በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፤ በ1851 ክህነት ተቀበሉ። ትምህርተ ክርስቶስ በሀገር ቋንቋ እንዲዘጋጅም ደክመዋል፤ ይህን መምህራን ልብ ይበሉልን።

በኋላ በጎንደር ታስረው ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ተገደዱ፤ አልለወጡም። በ1855 በሰንሰለት እንደ ታሰሩ የአፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት ተከትለው እንዲጓዙ ተደረገ። ነጋሪት በሚጎሰምበት፣ አጋሰስ በሚተራመስበት ሰፈር በዓት ከወዴት ይገኛል? የስድሳ አራት ዓመቱ አዛውንት ግን ሰንሰለታቸውን በዓት አድርገው በጸሎት ጸኑ፤ ኦገስት 28 ቀን በዚያው ጉዞ ላይ ዐረፉ።