ቡድ ፎውለር፦ የተረሳው የቤዝቦል ፈር ቀዳጅ

አሜሪካውያን እንደ ብሔራዊ ጨዋታቸው በሚቆጥሩት ቤዝቦል የጥቁር ተጫዋቾች ታሪክ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ጃኪ ሮቢንሰን ነው። ሮቢንሰን ወደ ታላቁ ሊግ የገባው እ.አ.አ በ1947 ነበር። ከዚያ 69 ዓመታት ቀደም ብሎ ግን አንድ ጥቁር ወጣት ደመወዝ እየተከፈለው ከነጮች ጋር ተሰልፏል፤ ቡድ ፎውለር።

የልደት ስሙ ጆን ጃክሰን ነው። እ.አ.አ በ1858 በኒውዮርክ ግዛት ፎርት ፕሌን ተወልዶ በኩፐርስታውን ከተማ አደገ። አባቱ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ እርሱም ጨዋታ በማይኖርበት ወቅት በዚሁ ሙያ እንጀራውን ያበስል ነበር።

በ1878 በማሳቹሴትስ ለቼልሲ ቡድን ኳስ ወርዋሪ ሆኖ ተሰለፈና በወዳጅነት ጨዋታ የብሔራዊ ሊጉን ሻምፒዮን ቦስተንን 2 ለ 1 ረታ። ከዚያም ከስቲልዋተር እስከ ቶፒካ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ ተጫወተ። የዘመኑ ጋዜጦች ችሎታውን አወድሰዋል፤ ይሁንና የቆዳው ቀለም በየደረሰበት መሰናክል ሆነበት።

ክፉው ዓመት 1887 ነበር። በቢንግሃምተን ቡድን ድንቅ ብቃት እያሳየ ሳለ ነጮቹ የቡድን አጋሮቹ ከእርሱ ጋር አንጫወትም አሉ፤ ቡድኑም አሰናበተው። በዚያው ክረምት የሊጉ ባለቤቶች ከእንግዲህ አዲስ ጥቁር ተጫዋች እንዳይፈርም ወሰኑ።

ፎውለር ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1894 በሚሺጋን ግዛት አድሪያን ከተማ፣ የሽቦ አጥር በሚያመርት ኩባንያ ድጋፍ፣ ፔጅ ፌንስ ጃይንትስ የተሰኘውን የጥቁሮች ቡድን ከባልደረባው ግራንት ጆንሰን ጋር መሠረተ። ተጫዋቾቹ በራሳቸው የባቡር ፉርጎ ይጓዙ፣ በዚያው ይበሉና ያድሩ ነበር፤ ጥቁር እንግዳ የማይቀበሉ ሆቴሎችን ደጅ መጥናት ቀረላቸው። ከተማ ሲደርሱም በብስክሌት በጎዳናው እየተዘዋወሩ ተመልካች ይጠሩ ነበር።

ፎውለር በ1913 በሕመምና በድህነት አረፈ። መቃብሩ ላይ ስሙን የያዘ ድንጋይ የቆመው ከ74 ዓመታት በኋላ፣ በ1987 ነው። በ2022 ደግሞ ስሙ በቤዝቦል የዝነኞች አዳራሽ ሰፈረ። አዳራሹ የሚገኘው እርሱ በልጅነቱ በቦረቀባት በኩፐርስታውን ነው።