የኦርጋኑ ጠጋኝ ቶራኩሱ ያማሃ

ያማሃ የሚለው ስም ለብዙ ሰው እንግዳ አይደለም። አንዱ በሞተር ብስክሌት፣ ሌላው በፒያኖ ወይም በኤሌክትሮኒክ ኦርጋን ላይ ተጽፎ አይቶታል። ይሁን እንጂ ይህ ቃል የፋብሪካ መጠሪያ ከመሆኑ በፊት የአንድ ሰው የቤተሰብ ስም ነበር። ሰውየውም የሙዚቃ መሣሪያ ወደ መሥራት የገባው ሙዚቃ ተምሮ ሳይሆን፣ የተበላሸ ኦርጋን እንዲጠግን ስለ ተጠራ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የዚሁ ሰው የሕይወት ታሪክ በአጭሩ ይቀርባል። በምንባቡ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቶራኩሱ ያማሃ በ1851 ዓ.ም. በጃፓን አገር፣ ኪይ ይባል በነበረውና የዛሬውን ዋካያማ በሚያጠቃልለው ግዛት ተወለደ። አባቱ ከሳሙራይ ወገን ሲሆን፣ የግዛቱን ገዥ በከዋክብት ምልከታ ሥራ ያገለግል ነበር። ስለዚህ ልጁ የመለኪያ መሣሪያዎችን እያየ ለማደግ ዕድል አገኘ። የሳሙራይ ልጅ ሆኖ መወለድ ግን እንደ ቀድሞው መተማመኛ የሚሆንበት ዘመን እያለፈ ነበር። ቶራኩሱ የ17 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በ1868 ዓ.ም. የጃፓን የቀድሞ ሥርዓት ፈርሶ የሜይጂ መንግሥት ተመሠረተ። ከዚያም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሳሙራዮች ከአባት ከአያት የወረሱትን ማዕረግና ቀለብ እያጡ ሄዱ። ጎራዴ ታጥቆ በጌታ ቤት መኖር ስለ ቀረ፣ እያንዳንዱ እንጀራ የሚያበላውን ሙያ መፈለግ ግድ ሆነበት።

ቶራኩሱም ለእጁ የሚስማማውን መረጠ። በ1871 ዓ.ም. የውጭ አገር መርከቦች ወደሚደርሱበት ወደ ናጋሳኪ ሄዶ፣ በአንድ እንግሊዛዊ ባለሙያ ሥር የሰዓት ሥራ ተማረ። ከዚያ በኋላ ደግሞ የሕክምና መሣሪያዎችን መጠገን ለመደ። ሁለቱ ሙያዎች ለየቅል ቢመስሉም የሚጠይቁት ጠባይ አንድ ነው። በሰዓት ውስጥ ከጤፍ ቅንጣት እምብዛም የማትበልጥ ጥርስ ብትሰበር ሰዓቱ በሙሉ ይቆማል። በመሆኑም ጠጋኙ መላውን መሣሪያ ከመወንጀሉ በፊት ጥፋቱ ያለበትን ትንሽ አካል በትዕግሥት ፈልጎ ማግኘት አለበት። ቶራኩሱ ይህን ልማድ ይዞ በ1880ዎቹ አጋማሽ ሐማማትሱ ወደምትባለው ከተማ መጣ፤ በዚያም የሐኪም ቤት መሣሪያዎችን እየጠገነ ይኖር ጀመር። ሰዎችም አንዳች ነገር ሲበላሽባቸው የሚጠሩት እሱን ሆነ።

በዚያን ጊዜ ጃፓን ትምህርት ቤቶቿን በአዲስ መልክ እያደራጀች ነበር። በ1872 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ሕግ መዝሙርን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ዓይነቶች ጋር ቈጥሮት ነበር። ይሁን እንጂ ትምህርቱን የሚሰጥ መምህር፣ ዜማውን የሚመራ መሣሪያም አልነበረም። ይህን ጉድለት ለማሟላት በ1879 ዓ.ም. በቶኪዮ የሙዚቃ ጥናት ተቋም ተከፈተ። ኃላፊውም በአሜሪካ የመምህራን ማሠልጠኛ የተማረው ኢሳዋ ሹጂ ነበር። ቀስ በቀስ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ከአሜሪካ ኦርጋን ማስመጣት ጀመሩ። በሐማማትሱ የሚገኘው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም ከነዚሁ አንዱ ነበር። መሣሪያው ከባሕር ማዶ የመጣና ውድ ስለ ነበረ ትምህርት ቤቱ ይኮራበት ነበር።

በ1887 ዓ.ም. ይህ ኦርጋን ተበላሸ። መለዋወጫው ያለው በውቅያኖስ ማዶ ነው፤ በከተማይቱም ኦርጋን ከፍቶ ያየ ሰው አይገኝም። መሣሪያው ካልተጠገነ የልጆቹ የመዝሙር ትምህርት መቋረጡ ነው። ስለዚህ የትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች የሐኪም ቤቱን ጠጋኝ ቶራኩሱን አስጠሩት።

ጥገናውን ለመረዳት የመሣሪያውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ዓይነት ኦርጋን ተጫዋቹ በእግሩ መርገጫዎቹን ሲረግጥ ወናፉ አየር ያንቀሳቅሳል። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ለአየር መተላለፊያ የሚሆን ቀዳዳ፣ ለቀዳዳውም ክዳን አለው። ቁልፉ ሲነካ ክዳኑ ይከፈታል፤ አየሩም ቀጭን የነሐስ ምላስ እያርገበገበ ሲያልፍ ድምፅ ይሰጣል። ጣት ከቁልፉ ላይ ሲነሣ ክዳኑን ወደ ቦታው የሚመልሰው ትንሽ ሞላ ነው። እንግዲህ ሞላው ከተሰበረ ክዳኑ በአግባቡ ስለማይገጥም፣ ምላሱ ደኅና ሆኖ ሳለ ዜማው ይበላሻል ማለት ነው።

ቶራኩሱ ኦርጋኑን ፈትቶ ሲመረምር የችግሩ ምክንያት የሁለት ሞላዎች መሰበር መሆኑን አገኘ። ሰዓት ለለመደ እጅ ሞላ መተካት ከባድ ሥራ አልነበረም። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ የሠራበትን ተቀብሎ ወደ ቤቱ በሄደ ነበር። እሱ ግን መሣሪያውን እንደ ተከፈተ በጥንቃቄ አጠና፤ የውስጥ ክፍሎቹንም በሥዕል ገለበጠ። ከውጭ ሲታይ ረቂቅ የሚመስለው ዕቃ ከእንጨት፣ ከቆዳ፣ ከነሐስና ከሽቦ የተበጀ መሆኑን ስላየ፣ ይህንኑ በአገሩ ለመሥራት ቈረጠ። ለትምህርት ቤቶች የሚሆን መሣሪያ በአገር ውስጥ ቢሠራ ብዙ ልጆች እንደሚጠቀሙበት ተረድቶ ነበር።

ሐሳቡን በሥራ ለመተርጐም ካዋይ ኪሳቡሮ ከተባለ የብረታ ብረት ጌጥ ሠሪ ጋር ተባበረ። ሁለቱም ሁለት ወር ያህል ደክመው የመጀመሪያውን ኦርጋን ሠሩ። ይሁን እንጂ ሥራው መልካም መሆን አለመሆኑን የሚመሰክርላቸው ዐዋቂ በሐማማትሱ አልነበረም። ስለዚህ ኦርጋኑን ወደ ቶኪዮ ወስደው ለኢሳዋ ሹጂ ለማሳየት ወሰኑ። መንገዱ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው የባቡር ሐዲድ ገና አልተጠናቀቀም ነበር። ኦርጋኑን በረጅም እንጨት ላይ አንጠልጥለው፣ ጫፍና ጫፉን በትከሻቸው ተሸክመው፣ ሐኮኔ የተባለውን አስቸጋሪ ተራራ በእግራቸው ተሻገሩ።

ይህን ያህል ድካም ያስከተለው ፍርድ ግን የሚያስደስት አልሆነም። መርማሪዎቹ የኦርጋኑን ቅርጽና አሠራር ቢያመሰግኑም ቅኝቱ የተሳሳተ ስለ ነበረ ለማስተማሪያነት እንደማይበቃ ገለጹ። የሞላን ምስጢር የሚያውቀው ቶራኩሱ የድምፅን ምስጢር አያውቅም ነበር። የነሐሱ ምላስ ጫፉ ሲሞረድ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሥሩ ሲሞረድ ደግሞ ይወፍራል። ምን ያህል እንደሚሞረድ የሚወስነው ግን የሠለጠነ ጆሮ ነው። ኢሳዋ የሰውየውን ትጋት ተመልክቶ በተቋሙ ትምህርት እንዲከታተል ፈቀደለት። ቶራኩሱም ከወጣት ተማሪዎች ጋር መቀመጥን ሳያፍር፣ አንድ ወር ያህል የሙዚቃና የቅኝት ትምህርት ተከታተለ። ወደ ሐማማትሱ ተመልሶም ሁለተኛውን ኦርጋን ሠራ። ይህኛው እንደገና ተመርምሮ ከውጭ አገር የሚመጣውን ሊተካ የሚችል ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ ሥራው እየሰፋ ሄደ። በ1888 ዓ.ም. የኦርጋን መሥሪያ ቤት ከፈተ። በ1897 ዓ.ም. ደግሞ በ100,000 የን ካፒታል ኒፖን ጋኪ የተባለው የሙዚቃ መሣሪያ ኩባንያ ተቋቁሞ እሱ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1899 ዓ.ም. ስለ ፒያኖ አሠራር ለማጥናት ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ በተመለሰም ማግሥት፣ በ1900 ዓ.ም. ኩባንያው የመጀመሪያውን ፒያኖ አወጣ። በ1904 ዓ.ም. በአሜሪካ በሴንት ልዊስ ከተማ በተደረገው ዓለም አቀፍ ትርኢት የኩባንያው ፒያኖና ኦርጋን ከፍተኛ ሽልማት አገኙ። የአሜሪካን ኦርጋን በመጠገን ሥራ የጀመረው ሰው፣ የሠራው ዕቃ በአሜሪካ ምድር እስኪሸለም ድረስ ያለፈው ጊዜ 17 ዓመት ብቻ ነበር። ቶራኩሱ ያማሃ በ1916 ዓ.ም. በ65 ዓመቱ ዐረፈ።

ኩባንያው ከመሥራቹ ሞት በኋላም ሥራውን አላቋረጠም። በ1955 ዓ.ም. ሞተር ብስክሌት የሚሠራው እኅት ኩባንያ ተቋቋመ፤ በ1959 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኤሌክትሮኒክ ኦርጋኑ ለገበያ ቀረበ። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ሳምፕለር፣ ማለትም ማናቸውንም ድምፅ ቀርጾ ተጫዋቹ በፈለገው የዜማ ከፍታ መልሶ የሚያሰማ መሣሪያ አወጣ። ኒፖን ጋኪ በ1987 ዓ.ም. ስሙን ለውጦ በመሥራቹ ስም ያማሃ ተብሏል። ዓመቱ የተመረጠው መቶኛው ዓመት ስለ ሆነ ነው፤ መቶው ዓመት የተቈጠረውም ፋብሪካው ከተከፈተበት ቀን ሳይሆን የትምህርት ቤቱ ኦርጋን ከተጠገነበት ዓመት ጀምሮ ነው። የኩባንያው ዓርማም ሦስት የድምፅ መቃኛ ሹካዎች ናቸው።

የጥገና ሙያ መልኩን ቢለውጥም ጠባዩን አልለወጠም። በ1980ዎቹ የተሠሩ ሳምፕለሮች ዛሬ አርጅተዋል። ብዙ ጊዜ ድምፃቸው የሚያጕረመርመው ወይም ጨርሶ የሚጠፋው ዋናው አካላቸው ስለ ሞተ ሳይሆን፣ ካፓሲተር የሚባሉት ጥቃቅን ክፍሎች በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ስለ ደረቀ ወይም ስለ ፈሰሰ ነው። ዐዋቂ ጠጋኝ በመሣሪያው ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ አደጋ እንዳያደርስበት ይጠነቀቃል፤ የደከመውን ክፍል ለይቶ ያወጣል፤ መጠኑ እኩል የሆነ፣ የሚችለው ቮልቴጅም ከቀድሞው የማያንስ ሌላ ክፍል መርጦ፣ የአዎንታና የአሉታ ጫፎቹን ሳያዛባ ይበይዳል። ይህንም በማድረጉ ሊጣል የነበረው መሣሪያ እንደገና ያዜማል። ቶራኩሱ በሁለቱ ሞላዎች ያደረገው ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ከዚህ ሰው ታሪክ የምንረዳው ጥገና ዝቅተኛ ሥራ አለመሆኑን ነው። ጠጋኝ የሌላውን ሰው ዕውቀት ከፍቶ የሚያነብ ተማሪ ነው። ቶራኩሱን ለታላቅ ሥራ ያበቃው ሞላውን መተካቱ ብቻ አይደለም፤ የማያውቀውን አላውቅም ብሎ በ36 ዓመቱ ከተማሪዎች ጋር መቀመጡ ጭምር ነው። ሐኮኔን በተሸገረ ጊዜ ተቀባይነት ያጣ ኦርጋን ይዞ ቢመለስም፣ የጎደለውን ዕውቀትም ይዞ ተመልሷል።

መልመጃ

1. የመጀመሪያው ኦርጋን ተቀባይነት ያጣበትን ምክንያት በራሳችሁ አባባል ግለጹ።
2. ሞላ፣ ወናፍ፣ ቅኝት የሚሉትን ቃላት እያስገባችሁ አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።
3. በአካባቢያችሁ የሚኖር አንድ የጥገና ባለሙያ ሥራውን እንዴት እንደሚያከናውን ጠይቃችሁ፣ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ።