ዋልተር ዳንዲ፦ በአየር የተነሣው የአንጎል ምስል

መግቢያ

ዊልሄልም ሮንትገን ራጅን በ1895 ካገኙ በኋላ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ግኝቱ በፍጥነት ለሕክምና ውሏል። በ1896 በኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ የጣሊያን ወታደሮች በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል በራጅ ተመርምረው በክንዳቸው የቀረ ጥይት ተገኝቷል። አንጎል ግን ከዚህ በኋላም ከሃያ ዓመት በላይ ሳይታይ ቆየ። የራስ ቅል ይጋርደዋል፤ የአንጎል ሥጋና በውስጡ ያለው ፈሳሽም በራጅ አይለያዩም። ይህ ጽሑፍ መፍትሔ ያገኙለትን ወጣት ቀዶ ሐኪም ሕይወትና ሥራ በአጭሩ ያቀርባል።

ትውልድና የመጀመሪያ ምርምር

ዋልተር ኤድዋርድ ዳንዲ በ1886 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ሴዳሊያ በተባለች ከተማ ከስደተኛ ቤተሰብ ተወለዱ። በ1910 ከጆንስ ሆፕኪንስ የሕክምና ትምህርት ቤት ተመርቀው በታዋቂው የአንጎል ቀዶ ሐኪም በሃርቪ ኩሺንግ ሥር በቤተ ሙከራ ሠሩ። ይሁን እንጂ ሁለቱ አልተስማሙም። ኩሺንግ በ1912 ወደ ቦስተን ሲዛወሩ ዳንዲን አላስከተሏቸውም፤ ወጣቱ ሐኪም ተስፋ ያደረጉት ቦታ ቀረባቸው።

ዳንዲ በዚያው በባልቲሞር ቆይተው ከሕፃናት ሐኪሙ ከኬኔት ብላክፋን ጋር ሃይድሮሴፋለስን፣ ማለትም በሕፃናት ጭንቅላት ውስጥ ፈሳሽ የሚጠራቀምበትን በሽታ፣ ማጥናት ጀመሩ። በውሾች አንጎል ውስጥ ያለውን ጠባብ የፈሳሽ መተላለፊያ በደፈኑ ጊዜ ከበላዩ ያሉት ክፍተቶች (ቬንትሪክሎች) ተለጠጡ። በቀለም በተከታተሉት ፍሰትም መንገዱ የተዘጋበትን ሃይድሮሴፋለስ መንገዱ ክፍት ሆኖ ፈሳሹ ሳይመጠጥ ከሚቀርበት ለዩ።

የአየር ምስል

ቀጣዩ ጥያቄ መዘጋቱን በሕያው ሕመምተኛ ላይ ማሳየት ነበር። ዳንዲ ራጅን የሚያግዱ ልዩ ልዩ ውሕዶችን በእንስሳት አንጎል ክፍተቶች ውስጥ ቢሞክሩም ሁሉም ጎጂ ሆኑ። በሆድ ራጅ ላይ የአንጀት ጋዝ ጎልቶ እንደሚታይ ግን ይታወቅ ነበር። ስለዚህ ራጅን የሚያግድ ሳይሆን የሚያሳልፍ ነገር መረጡ፤ እርሱም አየር ነበር።

በ1918፣ በ32 ዓመታቸው፣ ውጤቱን አሳተሙ። በሕፃናት በእርግብግቢት በኩል፣ በአዋቂዎች ደግሞ የራስ ቅልን በመብሳት ፈሳሹን ቀድተው በምትኩ አየር አስገቡ። የክፍተቶቹ ቅርጽ በራጅ ላይ ታየ፤ ዕጢ ካለ ክፍተቱ ተገፍቶ ወይም ተጨፍልቆ ይገኛል። በ1919 ደግሞ አየሩን በጀርባ አጥንት በኩል የማስገባት ዘዴን ጨመሩ።

ውዝግብና ውርስ

ዘዴው ያለ ዋጋ አልመጣም። ምርመራው ከባድ ራስ ምታት ያስከትል ነበር፤ በአንጎል ውስጥ ያለው ግፊት በድንገት ሲለዋወጥም ሕይወታቸው ያለፈ ሕመምተኞች ነበሩ። ኩሺንግም ምርመራው ያለ በቂ ምክንያት እንዳይሠራበትና ጥንቁቅ የነርቭ ምርመራን እንዳያስረሳ ሰግተዋል። ሆኖም የት እንዳለ የማይታወቅ ዕጢ ፍለጋ የራስ ቅልን መክፈትም አደገኛ ስለነበር ዘዴው ተስፋፋ። ዳንዲ በ1937 የአንጎል ደም ሥር እብጠትን በመቆንጠጫ በመዝጋት ሌላ ምዕራፍ ከፍተው በ1946 በ60 ዓመታቸው አረፉ። ሲቲ ስካን በ1971 ለመጀመሪያ ጊዜ በሕመምተኛ ላይ ከዋለ በኋላ የአየር ምርመራው ቀስ በቀስ ቀረ።

ማጠቃለያ

ዘዴው ቢቀርም ጥያቄው ዛሬም አለ፤ ፈሳሹ የቆመው የት ላይ ነው? ከቴፒ ወይም ከሸኮ የቡና መንደሮች ጭንቅላቱ ያለ ልክ ያደገ ሕፃን ታቅፋ ሚዛን የምትደርስ እናትም መልስ የምትሻው ለዚሁ ነው። ዳንዲ የተጠቀሙበት እርግብግቢት ሳይዘጋ ከተደረሰ፣ ያው መስኮት ያለ መርፌና ያለ ጨረር ለአልትራሳውንድ ያገለግላል። ስለዚህ በአካባቢያችን ለሚጀምር ተመራማሪ የሕፃናትን የጭንቅላት ዙሪያ በወቅቱ መለካትና በእርግብግቢት የሚነሣ ምስል የሚሰጠውን ጥቅም መመዘን፣ ውድ መሣሪያ ሳይጠበቅ ሊሠራ የሚችል ጥናት ነው።