የፔርሲ ጁልያን የሕይወት ታሪክ

በደቡብ ጎንደር፣ በአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ በሚገኘው በጣራ ገዳም ደን ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ከሥር፣ ከቅጠልና ከፍሬ መድኃኒት እንደሚገኝ ከአባቶቹ ተምሯል። ይሁን እንጂ በአንድ ፍሬ ውስጥ ያለውን ፈዋሽ ንጥረ ነገር ለይቶ ማውጣት፣ መጠኑን መወሰንና በብዛት መሥራት የሳይንስ ድርሻ ነው። በዚህ ሥራ ስማቸው ከሚጠራ ሊቃውንት አንዱ ጥቁር አሜሪካዊው ኬሚስት ፔርሲ ጁልያን ነው።

ጁልያን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1899 በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ ተወለደ። አያቱ ባሪያ የነበሩ ሰው ናቸው፤ አባቱ የባቡር ፖስታ ሠራተኛ፣ እናቱ ደግሞ መምህርት ነበሩ። በዚያን ዘመን በከተማይቱ ለጥቁር ልጆች የተከፈተ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አልነበረም። ስለዚህ ዴፓው ዩኒቨርስቲ ሲገባ የጎደለውን ትምህርት ማታ ማታ እያሟላ፣ ለኑሮውም ምግብ እያስተናገደና የማሞቂያ ምድጃ እያነደደ ተማረ። በ1920 ከክፍል ጓደኞቹ አንደኛ ሆኖ ተመረቀ።

በ1923 ከሐርቫርድ ዩኒቨርስቲ የማስተርስ ዲግሪ ቢያገኝም፣ በቀለሙ ምክንያት ረዳት መምህርነት ስለ ተነፈገ የዶክትሬት ትምህርቱን በዚያ ሊፈጽም አልቻለም። እሱ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ባሕር ተሻግሮ በ1931 ከቪየና ዩኒቨርስቲ ዶክትሬቱን ተቀበለ። በ1935 ከጆሴፍ ፒክል ጋር ሆኖ፣ ግላኮማ ለተባለው የዓይን በሽታ የሚያገለግለውን፣ በምዕራብ አፍሪካ ከሚበቅለው ካላባር ባቄላ የሚገኘውን ፊዞስቲግሚን በቤተ ሙከራ ሠራ።

በ1936 ግሊደን በተባለ ኩባንያ የአኩሪ አተር ምርምር ኃላፊ ሆነ። በ1940 በአንድ የአኩሪ አተር ዘይት ማጠራቀሚያ ውስጥ ውኃ ሾልኮ ገባና ነጭ ነገር ረጋበት። ሌላ ሰው የተበላሸ ዘይት ነው ብሎ በደፋው ነበር። ጁልያን ግን መርምሮ ለሆርሞን መሥሪያ የሚሆን ስቲግማስቴሮል መሆኑን ዐወቀ።

በ1948 ኮርቲዞን የተባለው ስቴሮይድ የመገጣጠሚያ ሕመምተኞችን እንደሚያሽል ታወቀ። ሆኖም ከበሬ ሐሞት በብዙ ድካም ስለሚሠራ ዋጋው እጅግ ውድ ነበር። በ1949 ጁልያን ከአኩሪ አተር ከሃይድሮኮርቲዞን በአንዲት የኦክስጅን አቶም ብቻ የሚያንሰውን ንጥረ ነገር ሠራ። ጉድለቱን በረቂቃን ሕዋሳት አማካይነት መሙላት በተቻለ ጊዜ የመድኃኒቱ ዋጋ ወረደ።

ስቴሮይዶች ዛሬ ከሚያገለግሉባቸው ሕመሞች አንዱ ድንገተኛ ድንቁርና ነው። በደቡብ ጎንደር በቤተልሔም ድጓ የሚማር ሰው ዜማውን የሚቀበለው ከመምህሩ አንደበት በጆሮው ነው። እንዲህ ያለው ሰው አንድ ቀን ሲነቃ አንዱ ጆሮው ቢዘጋበት ምን ያህል ይጨነቅ! የቀንድ አውጣ ቅርጽ ያለው የውስጥ ጆሮ ከደም የሚገባውን ሁሉ እንደ በረኛ ስለሚመርጥ፣ የተዋጠ መድኃኒት በጥቂቱ ብቻ ይደርሰዋል። ስለዚህ ሐኪሙ በቀጭን መርፌ የጆሮውን ታምቡር ወግቶ መድኃኒቱን በመካከለኛው ጆሮ ውስጥ ያኖራል፤ መድኃኒቱም ክብ መስኮት በሚባለው ስስ ሽፋን በኩል ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ሁሉም አይድንም፤ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም የሄደ ግን የመዳን ተስፋው ይበልጣል።

ለብዙዎች ፈውስ የደከመው ሰው በራሱ ቤት ሰላም አላገኘም። በቺካጎ አጠገብ ኦክ ፓርክ በተባለ የነጮች መኖሪያ ቤት ስለ ገዛ በ1950 ቤቱን ሊያቃጥሉበት ሞከሩ፤ በ1951 ደግሞ ድማሚት ወረወሩበት። ጁልያን ግን ከዚያ አልወጣም። በ1953 ግሊደንን ለቆ የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። በ1973 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠ፤ በ1975 ዐረፈ።

በር ቢዘጋበት በሌላ በር የገባው፣ ሌላው የተበላሸ ነው የሚለውን የመረመረው ይህ ሰው፣ ዕውቀት በትዕግሥት ለሚሻት ሁሉ እንደምትገኝ በሕይወቱ አስመስክሯል።