ብሌዝ ፓስካል

ብሌዝ ፓስካል በፈረንሳይ አገር ክሌርሞን በምትባል ከተማ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1623 ዓመት ተወለደ። የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ እናቱ ሞተችበት፤ አባቱም በቤቱ እያስተማረ አሳደገው። አባቱ አስቀድሞ ቋንቋ እንዲማር ፈልጎ የሒሳብ መጻሕፍትን ሸሸገበት። ልጁ ግን ለብቻው ሆኖ በከሰል በወለሉ ላይ መስመርና ክብ እየሣለ ይመራመር እንደ ነበረ እኅቱ ጽፋለች። በ1642 ዓመትም አባቱ የግብር ሹም ሆኖ በቍጥር ብዛት ሲደክም አይቶ፥ የሚደምርና የሚቀንስ መኪና መሥራት ጀመረ።

በ1654 ዓመት ግን ከቁማርተኞች ዘንድ አንድ ከባድ ጥያቄ ቀረበለት፤ ይኸውም እንዲህ ነው። ሁለት በችሎታ እኩል የሆኑ ሰዎች እያንዳንዳቸው 32 ወርቅ አስይዘው ይጫወታሉ። አስቀድሞ ሦስት ጊዜ ያሸነፈ 64ቱን ወርቅ ይወስዳል። ፊተኛው ሁለት ጊዜ፥ ኋለኛው አንድ ጊዜ ካሸነፉ በኋላ ጨዋታው ቢቋረጥ፥ ወርቁን እንዴት ቢካፈሉት ትክክለኛ ፍርድ ይሆናል?

ከዚያ በፊት አንዳንድ ሊቃውንት ያለፈውን ድል ብቻ ቈጥረው፥ ለፊተኛው ሁለት እጅ፥ ለኋለኛው አንድ እጅ ይሰጡ ነበር። ፓስካል ግን ካለፈው ይልቅ የቀረውን ተመለከተ። የሚቀጥለውን ጨዋታ ፊተኛው ቢያሸንፍ 64ቱን ሁሉ ይወስዳል፤ ቢሸነፍም ሁለቱ እኩል ስለሚሆኑ 32 ያገኛል። እንግዲህ 32ቱ በማናቸውም መንገድ የእርሱ ነው። የቀረው 32 ግን ለሁለቱም እኩል ዕድል ያለበት ስለሆነ፥ በእኩል ይከፈላል። ስለዚህ ለፊተኛው 48፥ ለኋለኛው 16 ይደርሳል።

ፓስካል ስለዚህ ነገር በቱሉዝ ከተማ ከሚኖረው ዳኛና የሒሳብ ሊቅ ከፒየር ደ ፌርማ ጋር ተጻጻፈ። ፌርማ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ። ሁለት ጨዋታ ቢጨመር ፍጻሜው በአራት ዓይነት ብቻ ይሆናል፤ ሁለቱንም ፊተኛው ያሸንፋል፤ ወይም ፊተኛው ቀጥሎም ኋለኛው፤ ወይም ኋለኛው ቀጥሎም ፊተኛው፤ ወይም ሁለቱንም ኋለኛው ያሸንፋል። ከአራቱ በሦስቱ ወርቁ ለፊተኛው ይሆናል። የ64 ከአራት ሦስት እጁ 48 ነው። ሁለቱ ሊቃውንት በተለያየ መንገድ ሄደው በአንድ ቍጥር ተገናኙ።

ፓስካል ከወጣትነቱ ጀምሮ ሕመምተኛ ስለ ነበረ፥ በ1662 ዓመት በ39 ዓመቱ በፓሪስ ዐረፈ። የዕድል ሒሳብ ግን ከእነዚያ ደብዳቤዎች ተነሥቶ አደገ። ቁማር ብዙ ቤት አፍርሷል፤ ከእርሱ በተነሣው ጥያቄ የተገኘው ሒሳብ ግን ዛሬ ሐኪም የመድኃኒትን ጥቅም ለመመርመር፥ የመድን ድርጅትም ክፍያውን ለመወሰን ይረዳቸዋል።

ልጆች ሆይ፥ ነገ የሚሆነውን ማንም አያውቅም፤ ሊሆን የሚችለውን ግን አንድ በአንድ መቍጠር ይቻላል። በክፍያ ነገር ጠብ በተነሣ ጊዜ የሚጮኸው ሁሉ ባለ እውነት አይደለም። አስቀድሞ በትዕግሥት የቈጠረ ሰው በቅን ይፈርዳል።