ዳማን ለኮምፒዩተር ያስተማረው መምህር፤ ክሪስቶፈር ስትሬቺ

ክሪስቶፈር ስትሬቺ በኖቬምበር 16 ቀን 1916 በሎንዶን ከተማ ተወለደ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) አባቱ የምሥጢር ጽሕፈት ፈቺ፣ እናቱም ስለ ሴቶች የመምረጥ መብት የታገለች ደራሲ ነበረች። ከእንዲህ ያለ የታወቀ ቤተ ሰብ ቢወለድም፣ በካምብሪጅ ኪንግስ ኮሌጅ ሲማር መንፈሱ ታውኮ ትምህርቱን ለጊዜው አቋረጠ፤ በመጨረሻም ያገኘው ውጤት ዝቅ ያለ ስለ ነበረ የተመኘው የምርምር ሥራ ቀረበት። በጦርነቱ ዘመን በአንድ የስልክ ኩባንያ ከሠራ በኋላ፣ ከ1945 ጀምሮ መጀመሪያ በካንተርበሪ ኋላም በሃሮው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆነ።

በ1951 መጀመሪያ በአገሩ ስለ ተሠራው ኮምፒዩተር ሰማ። ከዚያም በዕረፍት ሰዓቱ መኪናው ዳማ የሚጫወትበትን የትእዛዝ ዝርዝር ይጽፍ ጀመር።

እኛ በአሪቻ በቆርኪ ስንጫወት ዐይናችን ብቻ ይበቃናል። ኮምፒዩተር ግን ዐይን የለውም። ስለዚህ ስትሬቺ ጠጠሮቹ የሚቆሙባቸውን 32 ቤቶች በ32 አኃዞች ተካቸው፤ ጠጠር ያለበት ቤት 1፣ ባዶው 0 ሆነ። አንዱ ረድፍ ለጥቁሩ፣ ሁለተኛው ለነጩ፣ ሦስተኛውም ለነገሡት ጠጠሮች ነው። ከዚያ በኋላ መሄድም መብላትም ሒሳብ ሆነ፤ መኪናውም ጥቂት እርምጃ ወደ ፊት እያሰላ የሚሻለውን ይመርጣል። (ይህን በወረቀትና በእርሳስ መሞከር ይቻላል፤ ኮምፒዩተር እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም።)

በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ሲሞከር ፕሮግራሙ አልሠራም። የመኪናው ማስታወሻም ጠቦት ነበር። ስትሬቺ ግን ተስፋ አልቈረጠም። በኪንግስ ኮሌጅ ያውቀው የነበረው አለን ቱሪንግ በማንቸስተር ያለውን ሰፊ ኮምፒዩተር መምሪያ መጽሐፍ ሰጠው። በ1952 በጋ መኪናው ሙሉ ጨዋታ ተጫወተ፤ ገበታውም በመስተዋቱ ላይ ይታይ ነበር። ተጫዋቹ ቢዘገይ ወይም ሕጉን ቢያፈርስ በጽሕፈት ይቈጣዋል፤ የመምህርነት ጠባይ ሳይጋባበት አልቀረም!

ወላጆች ጨዋታ ጊዜ ያባክናል ማለታቸው አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው። ሆኖም መጫወትና ጨዋታውን መሥራት አንድ አይደሉም። ሕጉን ለማያስብ መኪና ለማስረዳት የሚነሣ ሰው፣ የሚያውቀውን ሁሉ አንድ በአንድ መመርመር ግድ ይሆንበታል። ስትሬቺ ይህን ሙያ የተማረው በዚህ መንገድ ነው።

በ1952 መምህርነቱን ትቶ በኮምፒዩተር ሥራ ተቀጠረ። ኋላ በካምብሪጅ ከባልንጀሮቹ ጋር ያዘጋጀው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ዛሬ በዓለም ሁሉ ለሚሠራበት ለሲ ቋንቋ ቅድመ አያት ሆነ። በ1965 በኦክስፎርድ የፕሮግራም ምርምር ክፍል አቋቋመ፤ ዝቅተኛ ውጤት ይዞ የወጣውም ሰው በ1971 በዚያው ፕሮፌሰር ተባለ። በሜይ 18 ቀን 1975 በጉበት በሽታ በ58 ዓመቱ ዐረፈ።